የሐሙሷ መኪና

ባለፈው ወር እናቴን ልጠይቅ ሰበታ ስሄድ አንድ ወጣት የግቢያችንን የብረት በር ቀለም ሲቀባ ደረስኩ። ሰላም ብዬው ላልፍ ስል ብሩሹን ሊያጥብ የአኳራጁን ጠርሙስ ከፈተ። ሌላውን ሰው የአኳራጅ ሽታ ራሱን ያመዋል፤ እኔን ግን ራበኝ። ፊት ለፊቱ ቆሜ ምራቄን ስውጥ ልጁ ምን እንዳሰበ እንጃ። በአሥር ዓመቴ አንድ ሙሉ በጋ ምሳዬን የበላሁት በዚያ ሽታ መሃል ነው። ቂጣውም፣ ድንቹም፣ ጣቶቼም አኳራጅ አኳራጅ ይሉ ነበር።

ባጃጅ ገና ወደ ሰበታ መግባት የጀመረበት ዓመት ነው። እማዬ ፋብሪካ ትውላለች፤ እኔ ጠዋት ተምሬ ከሰዓት በኋላ ከአያቴ ጋር ነኝ። አያቴን አባባ ጥላሁን እንላቸዋለን። ባትላሜራ ነበሩ፤ የተጨፈለቀ የመኪና አካል በመዶሻ እየቀጠቀጡ ወደ ቀድሞ መልኩ የሚመልሱ ባለሙያ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ላሜራ ሲቀጠቅጡ ጆሯቸው ደንቁሮ ቀረ። ስለዚህ እኛ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረም። «አባባ፣ ምሳ ቀርቧል» ለማለት እንኳ ጉሮሮ ይጠይቃል። ምን እንደበላን፣ ማንን ሆዱን እንዳመመው፣ እኔ በሒሳብ ስንተኛ እንደወጣሁ ጎረቤት ሁሉ ከአጥር ማዶ ያውቃል። እሳቸው ደግሞ በሹክሹክታ ያወሩ ሲመስላቸው መንገድ ላይ ያለ አህያ ያስደነብሩ ነበር።

በግቢያችን ጥግ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሸራ የለበሰች መኪና ነበረችን። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለች የጣሊያን ስፖርት መኪና። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያኔ ለእኔ ዶሮዎቻችን እንቁላል የሚጥሉባት ትልቅ ቅርጫት ነበረች። መቀመጫዋን አይጥ ጨርሶታል፤ ከጣሪያዋ የቀረው ብረቱ ብቻ ነው፤ ጎማዎቿ አፈር ውስጥ ሰምጠዋል።

ታሪኳን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ተራኪው አባባ ናቸዋ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሲሠሩ፣ ዶክተር ኃይሉ የሚባል ወጣት ሐኪም በሯ የተጨፈለቀ መኪና ይዞ መጣ። «በሩን አስተካክልልኝ፤ ሐሙስ መጥቼ እወስዳታለሁ» አላቸው። አባባ በሩን አስተካከሉ። ሐሙስ መጣ፣ ዶክተሩ አልመጣም። ሰው ከቤቱ ወጥቶ የማይመለስበት ዘመን ነበር። ቤቱ ድረስ ሄደው ቢፈልጉት በሩ ተዘግቶ፣ ቤተሰቡ ተበትኖ ጠበቃቸው። በኋላ ጋራዡ ሲዘጋ ባለቤት የሌላቸው መኪናዎች እየተቆራረጡ ተሸጡ። ይቺን ግን አባባ በጭነት መኪና አስጭነው ሰበታ አመጧት። «ሽጡልኝ» ላለውም፣ «ለሙሽራ አከራዩኝ» ላለውም መልሳቸው አንድ ነበር፤ «የሰው አደራ ናት።»

እማዬ «አባባ፣ ሰውዬው እኮ ሞቷል» ስትላቸው፣ «እሱ ቢሞት አደራው ሞቷል እንዴ? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ!» ይሉ ነበር።

እኔ በበኩሌ ሐሙስ ማለት ዶክተሩ የሚመጣበት ቀን ነው ብዬ አምን ነበር። የትኛው ሐሙስ እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፊቴን ታጥቤ፣ ቢጫ ቀሚሴን ለብሼ ደጅ እቆማለሁ። እማዬ በሌላው ቀን እየጎተተች የምታጥበኝ ልጅ ሐሙስ ሲሆን ምን እንደሚነካኝ አልገባትም።

የዚያን ዓመት መስከረም አባባ ቡራዩ ለቅሶ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሰው የሚለውን ጆሯቸው ሥር ሆኜ የምደግምላቸው እኔ ነበርኩ፤ ለዚህ ሥራ ከእኔ የተሻለ ሰው አልነበረም፣ አፈ ጮሌ ነበርኩና። ድንኳኑ ውስጥ ጥቁር ነጠላ የለበሱ፣ ዓይናቸው ላይ ሞራ የወጣባቸው ሴትዮ ተቀምጠዋል። አጠገባችን ያሉ ሰዎች «የዶክተር ኃይሉ እህት እኮ ናቸው፣ ያ ልጅ እንደወጣ የቀረው» ሲሉ ሰማሁና እንደ ልማዴ ለአባባ ደገምኩላቸው።

አባባ ብድግ አሉ። «የዶክተር ኃይሉ እህት ነዎት?» ብለው ጮኹ። የሚያለቅሰው ሁሉ ጸጥ አለ።

«ነኝ» አሉ ሴትዮዋ ደንግጠው።

«አደራችሁ እኔ ዘንድ ናት!»

የሴትዮዋ ስም እትዬ የሺ ነው። «ሰማያዊዋ?» አሉ ቀስ ብለው። «ያቺ ሰማያዊዋ አለች?»

ደገምኩላቸው። «አለች! ደጅዎ ድረስ በራሷ እግር ትመጣለች። ከጥምቀት ቀጥሎ ያለውን እሁድ ይጠብቁን!» አሉ አባባ። በራሷ እግር ትመጣለች ያሏት መኪና ውስጥ በዚያች ሰዓት ሁለት ዶሮዎች ታቅፈው ነበር።

ሥራው የተጀመረው በማግስቱ ነው። ለሞተሩ ኦቦ ገመቹ ከዓለም ገና ተጠሩ። መካኒክ ናቸው፣ የአባባ የድሮ ጋራዥ ባልደረባ። ከበሩ ጀምረው «አካም ጅርታ፣ ጥላሁን!» ይላሉ፤ አባባም «ፈያ! ፈያ!» ብለው ያስተጋባሉ። ከዚያ በኋላ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ኦቦ ገመቹ የመጀመሪያ ቀን ኮፈኑን ከፍተው አዩና «ዋቃ ኮ!» አሉ። «ይሄ ሞተር አይደለም፣ የአይጥ ቀበሌ ነው።»

ፒስተኖቹ ተጣብቀው አልንቀሳቀስ አሉ። ኦቦ ገመቹ በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት ከናፍጣ ቀላቅለው አፈሰሱና «እንግዲህ ትጠጣ» ብለው ሄዱ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ እየመጡ ሊያዞሩት ይታገላሉ፤ አይዞርም። እኔ ሞተሩ አኩርፎ ነው ብዬ ስለማስብ ማንም ሳያየኝ ኮፈኑን እያሻሸሁ አባብለው ነበር። በአራተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት የጣት ውፍረት ያህል ፈቀቅ አለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ሲዘሉ ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ሸሹ። ደስታው ሦስት ቀን አልቆየም፤ የውኃ ፓምፑ ተሰንጥቆ ተገኘ። ተመሳሳዩ ሲፈለግ ሲፈለግ ጠፋና በመጨረሻ ቶርኖ ቤት ተቀርጾ ተሠራ። አንዱ ሲድን ሌላው ይታመማል። እማዬ «ይቺ መኪና ከእኔ ይልቅ ሆስፒታል ታውቃለች» ትል ነበር።

የእኔ ሥራ መፈግፈግ ነበር። የብርጭቆ ወረቀት ውኃ ውስጥ እየነከርኩ አሮጌውን ቀለም ማንሳት። ጣቶቼ ተልጠው ኖራ መስለው ነበር፣ ግን እልኸኛ ስለነበርኩ አቁሚ ሲሉኝ ይብስብኛል። ቀለሙ ተነስቶ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ግን ዋናው ነገር ነው።

«ዓይን ይሸነግላል፤ መዳፍ አይሸነግልም» ይሉ ነበር አባባ። ላሜራው ላይ ስስ ጨርቅ ያነጥፋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ይነዱታል። ጎድጎድ ያለ ቦታ ሲደርስ መዳፉ ያውቃል። ችግሩ፣ የእሳቸው መዳፍ መዶሻ ሲይዝ ኖሮ እንደ ጎማ ደድሯል። አንድ ቀን ለጨዋታ ያህል እኔም ከኋላቸው ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ነዳሁና «እዚህ ጋ ወደ ውስጥ ይላል!» ብዬ ጮኽኩ። እሳቸው ደጋግመው ዳሰሱት፣ አላገኙትም። ቀጥ ያለ እንጨት አምጥተው ሲለኩት በእርግጥም ሰርጉዷል። እጄን ይዘው፣ መዳፌን ገልብጠው፣ ብዙ አዩት።

«ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ትዳስሻለሽ፣ እኔ እቀጠቅጣለሁ» አሉኝ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ዛሬም ድረስ።

መኪናዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ዳሰስኳት። ባገኘሁበት ሁሉ በጠመኔ እከብበዋለሁ፣ እሳቸው ይቀጠቅጡታል፣ እኔ ደግሜ እዳስሰዋለሁ። በመጨረሻ በቀኝ በኩል፣ ከኋላ መብራቷ በላይ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል አንዲት ስርጉድ አገኘሁ። ጥልቀት የላትም፣ ለዓይን አትታይም። ጠመኔዬን ሳነሳ አባባ እጄን ያዙኝ።

«እሷን ተያት።»

«ግን ሰርጉዳለች እኮ፣ አባባ!»

«አውቃለሁ። ተያት። እሷ የባለቤቷ ናት።»

የባለቤቷ ናት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። የገባኝ የመሰለኝ ሌላ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት እማዬ ለጎረቤታችን ዝቅ ባለ ድምፅ «የአባባ እጅ አልቋል፣ ቢቀርባቸው ይሻል ነበር» ስትል ሰምቻለሁ። ስለዚህ አባባ ይህቺን መቀጥቀጥ አቅቷቸው፣ ማፈራቸውን ሲደብቁ ነው ብዬ ደመደምኩ። ያ ሁሉ ሥራ አልቆ፣ በአንዲት ስርጉድ የተነሳ የቡራዩ ሰው «እጃቸው አልቋል» ሊላቸው ነው!

አንድ ቀን ከሰዓት እሳቸውና ኦቦ ገመቹ ጎማ ፍለጋ ዓለም ገና ሲሄዱ ስርጉድ የሚሞላበትን የስቱኮ ቆርቆሮ ከፈትኩ። አዘገጃጀቱን በዓይኔ ተምሬዋለሁ፤ የእንቁላል ያህል ስቱኮ፣ የባቄላ ፍሬ ያህል ማጠንከሪያ፣ ቶሎ ቶሎ ማሸት። ስርጉዷን ሞላኋት፣ ሲደርቅ ፈገፈግሁት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩት። ምንም የለም። መስተዋት ሆነች። እላዩ ላይ ግራጫውን የዝገት መከላከያ ቀባሁበትና እጄን ታጥቤ ሒሳብ ሠራሁ።

ቀለም የተቀባችው ከገና በኋላ ነው። አባባ አቧራ እንዳይነሳ መንገዱን ውኃ አስረጭተው፣ ዶሮዎቹን አሳስረው፣ ገና ግማሿን ሲረጩ መብራት ጠፋ። ኮምፕሬሰሩ ተነፈሰና ዝም አለ። ግማሽዋ ሰማያዊ፣ ግማሽዋ ግራጫ ሆና ሁለት ቀን ቆመች፤ አባባ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። መብራት ሲመጣ እንደገና ፈግፍገን እንደገና ቀባናት። ስታልቅ እማዬ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

በማግስቱ አባባ ወደ ኋላዋ ዞሩና ከመብራቱ በላይ መዳፋቸውን አሳረፉ። ደድሮ የለ፣ ምንም አልነገራቸውም። ድሮ ቢሆን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ከድምፁ ይለዩት ነበር፤ ስቱኮ እንደ ላሜራ አይጮኽም። አሁን ጆሮም የለም። ወደ እኔ ዞረው «ያቺ ነገር አለች አይደል?» አሉኝ።

ያኔ ፈራሁ። አንድ ነገር እንዳበላሸሁ ከአጠያየቃቸው ገባኝ። ጭንቅላቴን ከፍ ዝቅ አደረግሁ፤ አለች። እኛ ቤት ውስጥ ለአባባ ያለ ጩኸት የተነገረ ነገር ቢኖር ያ ውሸት ብቻ ነው።

እሁድ ደረሰ። ጊዜያዊ ሰሌዳ ተለጠፈ፣ ኦቦ ገመቹ መሪ ያዙ፣ አባባ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው አጠገባቸው ተቀመጡ፣ እኔ ቢጫ ቀሚሴን ለብሼ ከኋላቸው ባለችው ጠባብ ቦታ ተወሸቅሁ። ጣሪያ የለም፤ ነፋሱ ዓይኔን ያስለቅሰኛል። አየር ጤና ላይ ሰው እያፏጨ አሳለፈን፤ የባጃጅ ሹፌሮች «አባቴ፣ ሙሽራዋ የት አለች?» ይላሉ፤ አባባ አይሰሙም ግን እንደ ንጉሥ እጃቸውን ያነሳሉ። አስኮን አልፈን ስንወጣ ሞተሩ ፈላና ቆመን ውኃ ጨመርን። መንገዱን ሙሉ እንድንቆም፣ ጨርሶ እንዳንደርስ እየጸለይኩ ነበር። እግዜር ግን የአባባን ጸሎት ሰማ።

እትዬ የሺ ግቢ ሰው ሞልቷል። በክፍቱ በር ሳሎኑ ውስጥ የተሰቀለ ፎቶ አየሁ፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ። እኔ በየሐሙሱ የምጠብቀው ሽማግሌ ነበር። ለካ ያ ሰው አላረጀም። ቢጫ ቀሚሴ ድንገት አሳፈረኝ።

እትዬ የሺ ዓይናቸው ስለማያይ መኪናዋን በእጃቸው ዞሯት። ክላክሱን ነክተው ሳቁ፣ በሩን አሻሹ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዱ፣ በቀኝ በኩል፣ ከመብራቱ በላይ። እጃቸው ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ።

«የለችም» አሉ። «ይቺ የኃይሉ መኪና አይደለችም።»

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ «እኔስ ብዬ ነበር! ዋናዋን ሸጠው በሌላ ለውጠዋት ነዋ» አለ። አንዲት ሴት «አደራ በላ!» አለች። ኦቦ ገመቹ «እረ በሕግ!» እያሉ ተቆጡ። አባባ አንዱንም አልሰሙም። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፈገግታ ፊታቸው ላይ እንዳለ፣ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ምን አሉ?»

ሥራዬ መድገም ነበር። አደራ በላ አሉዎት ብዬ ጆሯቸው ሥር ልጮህ ነው? ያን ሁሉ ዓመት የጠበቁትን ስም በእኔ አፍ ልንጠቅ? አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነበር።

«እኔ ነኝ! አባባ፣ እኔ ነኝ! ስርጉዷን በስቱኮ ሞልቻት ነው! ዋሽቼዎታለሁ!»

ቡራዩ በሙሉ የሰማኝ መሰለኝ።

አባባ አልተቆጡም። የኋላዋን ከፍተው ከዕቃ ቦርሳቸው ካቻቢቴና ትንሿን መዶሻ አወጡ። ኦቦ ገመቹ «ጥላሁን፣ ተው! ያ ሁሉ ቀለም!» ብለው እጃቸውን ሊይዙ ሞከሩ። ካቻቢቴውን ያን መስተዋት የመሰለ ሰማያዊ ላይ ደግነው መቱት። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ስቱኮዬ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተነሳ። ከሥሩ ባዶ ላሜራ ወጣ፣ ስርጉዷም እንደነበረች ወጣች። አባባ የእትዬ የሺን እጅ ይዘው እዚያ ላይ አሳረፉት። ልክ ገጠመ።

«እኔ ነኝ የገጨሁት» አሉ እትዬ የሺ፣ እንባቸው እየወረደ። «መንዳት ሲያስተምረኝ፣ የግቢያችን በር ላይ። አባታችን ይገድሉኛል ብዬ ሳለቅስ፣ ኃይሉ ‹ዝም በይ፣ አላሠራትም፤ እኔ ባየኋት ቁጥር እስቃለሁ› አለኝ።» እጃቸውን ሳያነሱ ጎንበስ ብለው መኪናዋን ሳሟት። እኔም ባለሁበት ቆሜ ተነፋረቅሁ። አደራ በላ ያለችው ሴት ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋለች።

መኪናዋን ትተን፣ ኦቦ ገመቹን እዚያው ዘመድ ዘንድ ትተን፣ እኔና አባባ በሚኒባስ ተመለስን። ቁጣውን እየጠበቅሁ ቀሚሴን እጠቀልላለሁ። አስኮ ስንደርስ አባባ በድንገት ጮኹ።

«ማጠንከሪያውን ምን ያህል ጨመርሽበት?»

ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ዞረ። «የባቄላ ፍሬ ያህል!» ብዬ ጮኽኩ።

«ደህና ነው። አላወቅኩትም እኮ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሰውዬ አላወቅኩትም።» ከዚያ ጨመሩ፤ «ላሜራውን ሳታሻክሪ ነው የቀባሽው። ለዚያ ነው በአንዴ የተነሳው።»

«ረስቼው ነው!»

«ረስተሽ ነው ያተረፍሽኝ» አሉና እጄን ወስደው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፣ መዳፌን ወደ ላይ አድርገው። «ዶክተሩ ‹የኋላዋን እንዳትነካት፣ የእህቴ ናት› ብሎኝ ነበር። ላንቺ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ ይሄ የኔ ጥፋት ነው። ያንቺ ጥፋት ሌላ ነው።»

ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። እንደገና ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ።

«አይሆንም!» አሉ፣ ሹፌሩ እስኪደነግጥ። «ለእኔ በጭንቅላት አይመለስም። በአፍሽ ንገሪኝ።»

«ሁለተኛ አልዋሽዎትም!» ብዬ በሙሉ ጉሮሮዬ ጮኽኩ። ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ምስክር ሆነ።